የእትዬ ትርንጎ ጾም

ጡረታ ከወጣሁ ወዲህ ሰው «ሥራሽ ምን ነበር?» ሲለኝ «ገበያ መሄድ» እላለሁ። የሚስቁ አሉ። ይሳቁ እንግዲህ፤ እውነቴን ነው። የቤት አያያዝ ባለሙያ ነበርኩ። መንግሥት ደመወዝ እየከፈለኝ ከደጋ ዳሞት እስከ ቡሬ በየሰዉ ቤት ገብቻለሁ። እመቤቲቱ እህሏን መቼ እንደምትገዛ፣ እንዴት እንደምትመርጥ፣ የገዛችውንም እንዴት እንደምታበረክት ሳስተምር ነው ጥርሴን የነቀልኩት።

ያ የሥራ መደብ ዛሬ የለም። መዋቅር በተቀየረ ቁጥር ከአንዱ ቢሮ ወደ ሌላው ሲያዞሩን ቆይተው በመጨረሻ ስሙም ጠፋ። አሁን በእኔ ወንበር የተቀመጠችው ልጅ ስለ ቁጠባ ታስተምራለች፤ የባንክ ቁጠባ ማለቷ ነው። ጎበዝ ናት፣ አልነቅፋትም። የእኛ ቁጠባ ግን ከማድጋ ነበር የሚጀምረው።

ስለ ሥራዬ ላውራ ስል የማወራው ስለ አንድ ሰው ነው። እትዬ ትርንጎ ልበላቸው። ስማቸው ይህ አይደለም፤ የነበሩበትን ሰፈርም አልጠቅስም። የሚያውቋቸው ሰዎች አሁንም በስማቸው ይምላሉ፣ እኔም እንዲያ እንደማሉ ይቅሩ እላለሁ።

መጀመሪያ የተመደብኩት የደጋ ዳሞቷ ከተማ ፈረስ ቤት ነው። የፍኖተ ሰላም ልጅ ነኝ፣ ቆላ የለመድኩ፤ የደጋ ዳሞት ብርድ አጥንቴን ሊሰብረው ደረሰ። ኮርስ ጨርሼ፣ ስለ ተመጣጠነ ምግብ የተጻፈ ወረቀት በደረቴ አቅፌ ደረስኩ። እትዬ ትርንጎ እዚያ የቆዩ አለቃዬ ነበሩ። ቀጭን፣ ረጅም፣ ነጠላቸውን እስከ አገጫቸው የሚያጣፉ ሴት ናቸው። ወረቀቴን ተቀብለው አንዴ ገለጥ አደረጉና መሳቢያ ውስጥ ከተቱት።

«ነገ ገበያ ነው፤ ማልደሽ ነይ» አሉኝ።

አዲስ ዘንቢል ገዝቼ፣ ዘንጬ መጣሁ።

«ዘንቢሉን አስቀምጪው።»

«ምን ልይዝ ታዲያ እትዬ?»

«እጅሽን። ዘንቢል ያንጠለጠለች ሴት ከሩቅ ‹ገዢ ነኝ፣ ኑ ግፈፉኝ› እያለች ነው የምትሄደው።»

ባዶ እጃችንን ገበያውን ዞርነው። እትዬ ትርንጎ ዋጋ አይጠይቁም። ዝናቡን ይጠይቃሉ፣ ከብቱን ይጠይቃሉ፣ «ከየት ነው የመጣችሁ?» ይላሉ። ከሩቅ ቀዬ የመጣ ሰው ጭነቱን ይዞ ዳገት አይመለስም። የቅርቡ ሰው ግን ነገም አለለት፣ በዋጋው ይደርቃል። ይህን ሁሉ ካጣሩ በኋላ ተመልሰን ዘንቢላችንን ይዘን ወጣን፣ በሁለተኛው ዙር የት እንደምንቆም አውቀናል። «እህል ማልደሽ፣ ጎመንና ሽንኩርት ገበያ ሲፈርስ» ይሉ ነበር። ጥሩውን እህል ነጋዴ በጠዋት ያነሳዋል። ጎመን ግን እስከ ማታ ይጠወልጋል፣ ባለቤቷም ይዛው መመለስ አትወድም።

ጤፍ ሲገዙ ቆንጥረው መዳፋቸው ላይ ያሹታል፣ እፍ ይሉበታል፣ ከዚያ ጥቂቱን አፋቸው ውስጥ ጣል አድርገው በፊት ጥርሳቸው ይነክሱታል። አሸዋ ካለበት ፊታቸው ላይ አየዋለሁ። በርበሬ ሲሆን በእፍኛቸው ይዘው ጆሯቸው ሥር ያንቀሳቅሱታል። የደረቀ በርበሬ ፍሬው ይሰማል። ሚዛን እንዲደፋ ውኃ የተረጨበት ግን ዝም ይላል፣ ዘንጉም ሲያጥፉት ይጎብጣል እንጂ አይሰበርም። አንድ ጊዜ ገበዝ ማርያም ገበያ ላይ እንዲህ ያለውን ርጥብ በርበሬ ገዝቼ መጣሁ። ቢሮው እስኪሰማ ነው የጮኹብኝ።

«ምነው ሸዋ! ይህን ከፍለሽ ነው የገዛሽው፣ ወይስ ተሸክመሽ ውሰጅልን ብለው ለምነውሽ?»

ሦስት ቀን አኮረፍኳቸው። እሳቸው ጉዳያቸውም አልነበረ። የሚወዱትን ሰው ነው እንደዚያ የሚሰድቡት፤ ይህን የተረዳሁት ግን ዘግይቼ ነው።

አንድ ልማድ ነበራቸው። ሰው ቤት ስንገባ ሰላምታ ሰጥተው ሲያበቁ፣ ድካም እንደያዘው ሰው ጎታው ላይ ደገፍ ይላሉ። በዚያው በጣታቸው አንጓ ኳ ያደርጉታል። እመቤቲቱ ልብ አትልም። የሞላ ጎታ ድምፁ ይታፈናል፣ ባዶው ይጮኻል። ከሞላ ስለ ነቀዝ፣ ነቀዝ ስለሚከላከል አመድ፣ እህሉን በልክ ስለ ማውጣት ያስተምራሉ። ከጮኸ ግን ደብተራቸውን አይገልጡም። «ባዶ ጎታ ላላት ሴት ስለ ቁጠባ አይወራም፤ መጀመሪያ የሚበላ ይፈለግላታል» ይላሉ። ከዚያ ቀበሌ ገብተው፣ ዘመድ ቆስቁሰው፣ ቤተ ክርስቲያን ደጅ ቆመው ለዚያች ሴት የሚሆን ሳያገኙ አይመለሱም።

ለሌላው ሁሉ የሚናገሩት አንድ ቃል ነበር፤ «ዘዴ ካለሽ አይጎድልሽም።» እንደ ዳዊት ደጋግመውታል። እኔም ከእሳቸው ወስጄ በየደረስኩበት ደገምኩት።

ወደ ቡሬ አብረን ተዛወርን። እዚያ ሥልጠና ማለት ባነር የሚመስለው አለቃ ገጠመን። ባነሩ ተሰቅሎ፣ ፎቶ ተነስቶ፣ ለስላሳ ከተጠጣ ሥራው አለቀ ነው የሚል። እትዬ ትርንጎ ፎቶው ላይ ይቆሙለትና በነጋታው በእግራቸው ወደ መንደሩ ይወጣሉ። እንዲህ ስንሄድ ነው ከወይዘሮ ዝይን ጋር የተዋወቅነው። አገውኛና አማርኛ አቀላጥፋ የምትናገር፣ ሳቂታ፣ ከቡሬ ወጣ ብሎ ካለ መንደር የምትኖር የገበሬ ሚስት ናት። ጓሯቸው በርበሬ በበርበሬ ነው። በታኅሣሥ ነጋዴ ሲመጣ ግን ጠራርገው ይሸጡለታል። በክረምት የቤቱ በርበሬ ያልቅና ዝይን ከሱቅ በትንሽ በትንሽ ላስቲክ የተቋጠረ የበርበሬ ዱቄት ትገዛለች።

እትዬ ትርንጎ አንዱን ላስቲክ አንስተው ሸተት አደረጉት። «ዝይንዬ፣ ይኸ በርበሬ የማን ነው?»

«የባለሱቁ ነዋ።»

«ከባለሱቁ በፊትስ?»

«የነጋዴው።»

«ከነጋዴው በፊትስ?»

ዝይን ላስቲኩን ተቀብላ አገላበጠችው። ከዚያ ነጠላዋን አፏ ላይ ይዛ ሳቀች። «ኧረ የራሴው ሳይሆን አይቀርም! የራሴን በርበሬ ነው እንዴ ከነጡቡ የምገዛው?»

በርበሬውን የሚያበዙት የጡብ ዱቄት እየደባለቁ ነው ይባል ነበርና እሷም ሳትሰማ አልቀረችም። ከዚያ ወዲያ ነጋዴው ሳይመጣ የቤት ድርሻ እንድትለይ፣ በማዳበሪያ ሳይሆን በቃጫ ጆንያ እንድትከተው፣ ከመሬት አንስታ ቆጥ ላይ እንድታኖረው ነገሯት። በሚቀጥለው ክረምት ዝይን ቢሮ ድረስ አንድ ሰፌድ ዛላ በርበሬ ይዛ መጣች። እንዴት የሚያምር በርበሬ! እኔ እጄን ዘረጋሁ፣ እትዬ ትርንጎ እጄን መታ አደረጉት።

«የቤትሽን ድርሻ ልበላብሽ ነው ያስተማርኩሽ? ይዘሽ ተመለሺ።»

«በሞቴ እትዬ፣ ለበረከት ነው።»

«ትርንጎ ትሙት አልወስድም!»

ዝይን ሰፌዷን ታቅፋ፣ ፊቷ ቀልቶ ሄደች። እኔ ተናደድኩባቸው፤ መቀበልም እኮ ሰውን ማክበር ነው። ይህን ነገርኳቸው። «እኔ ሰው ቤት የምገባው ለመስጠት ነው» አሉኝ፣ ሌላ አልጨመሩም። በሥራ ዘመናቸው ሁሉ ከሰው እጅ አንዲት ዕንቁላል ተቀብለው አያውቁም።

በመጨረሻ ሁለታችንም ፍኖተ ሰላም ገባን። ለእኔ አገሬ ነው። እትዬ ትርንጎ ግን ከተማ ላይ ዘመድ የላቸውም፣ ልጅም አልወለዱም፤ ባላቸው ከሞተ ቆይቷል። ከአንድ ግቢ ውስጥ አንዲት ክፍል ተከራዩ። ሥራችን አሁን ከደመወዝተኛ ሴቶች ጋር ሆነ፤ ጽዳት የሚሠሩ፣ የሚያስተምሩ፣ ሻይ ቤት ያላቸው። ጥቂት ጥቂት ሆነው ጤፍ በመከር ጊዜ ከገበሬው በኩንታል እንዲገዙና እንዲከፋፈሉ አደረግን። ጤፉን ከዳጉሳ ጋር እንዴት እንደሚያስፈጩት፣ ሽሮውን ሲያዘጋጁ ባቄላውን ከአተሩ እንዴት እንደሚያመጣጥኑት፣ ዘይቱን ከጀሪካን እየገለበጡ ሳይሆን በማንኪያ እየለኩ እንዲጨምሩ አሳየን። የተበረከተ ቤት አይቻለሁ። ደመወዟ ወር አጋማሽ ላይ ያልቅባት የነበረች ሴት ወሩን ስትዘልቅ አይቻለሁ። ስለዚህ ሥራችን ከንቱ ነበር የሚል ሰው ቢመጣ እጣላዋለሁ።

እትዬ ትርንጎ ጡረታ ወጡ። ከዚያ በኋላ ነው የዋጋው ነገር የከፋው። መንገድ ሲዘጋ ዘይት ይጠፋል፣ ሲከፈት በሌላ ዋጋ ይመጣል። ጤፉ እዚሁ አፍንጫችን ሥር እየተመረተ ራቀን። ሴቶቹን ሰብስቤ ሳስተምር አንዷ ብድግ አለችና «ወይዘሮ ስመኝ፣ ቆጥቡ ያሉንን ሁሉ ቆጥበናል። አሁን ከምኑ ላይ እንቀንስ?» አለችኝ። «ዘዴ ካለሽ አይጎድልሽም» ልል አፌን ከፈትኩና መልሼ ዘጋሁት። የዚያን ዕለት በባጃጅ ወደ ቤቴ ስመለስ አለቀስኩ፤ ሹፌሩ ሰው የሞተብኝ መስሎት «እግዜር ያጥናዎት» አለኝ።

እትዬ ትርንጎን በየሳምንቱ እጠይቃቸዋለሁ። ጽጌ ሲገባ አንድ ቀን ሽሮና እንጀራ ይዤ ሄድኩ፤ የፈቃድ ጾም ቢሆንም የጽጌን ጾም የሚይዝ ሰው እንዳለ አውቃለሁና በዘይት ነው ያሠራሁት።

«ጽጌን ይዣለሁ፣ እስከ ዘጠኝ ሰዓት አልቀምስም» አሉኝ። «ይልቅ ውሰጂውና ለዚያች ለምታጥብልሽ ልጅ ስጫት።»

አስቀምጬው እሄዳለሁ ብል በጄም አላሉ። ጽጌ አለቀ፣ የገና ጾም ገባ። ዐቢይ ጾም ደግሞ መጣ። በሄድኩ ቁጥር ጾም ናቸው፤ በሄድኩ ቁጥር ቤቱ ተጠርጓል፣ አልጋው ተነጥፏል፣ እሳት ግን አልነደደም። ከስተዋል። ጾም ያከሳል፣ ሰው ሁሉ ያውቃል። እኔ እንዲያውም ኮራሁባቸው። ለሴቶቹ «እትዬ ትርንጎ መንነዋል እኮ! እንደሳቸው መጾም ማን ይችላል?» ብዬ አወራሁ። ቤተ ክርስቲያን ላይ ሰው ተነስቶ ቦታ ይለቅላቸው ጀመር። ሴቶች ጉልበታቸውን ይስማሉ። ፈረንጅ ቢያያቸው ሐኪም ይጠራል፤ እኛ ጸሎታቸውን ለመንናቸው።

ለፋሲካ ቤቴ አመጣኋቸው። ሁለት ጉርሻ በልተው ወደ ጓሮ ወጡና አስመለሳቸው። «ጾም የለመደ ሆድ» ብለው ሳቁ፤ እኔም ሳቅሁ።

ከዚያ በኋላ ባለች አንዲት ረቡዕ እርጎ ይዤ ሄድኩ። ረቡዕ ቢሆንም በዓለ ሃምሳ ነው፤ ከትንሣኤ እስከ ጰራቅሊጦስ ቅዱሱም ኃጥኡም አይጾምም፣ ሕጉ ነው። እትዬ ትርንጎ ከአልጋቸው ጫፍ ላይ ተቀምጠዋል።

«ጾም ነኝ» አሉኝ።

«እንዴ! እትዬ፣ ሃምሳው እኮ ነው!»

ትንሽ ዘገዩ። «ቀኖና ነው። የነፍስ አባቴ የሰጡኝ ነው፣ አትጠይቂኝ።»

በቀኖና ላይ ሰው አይጠይቅም። እርጎዬን ይዤ ወጣሁ። ግን መንገድ ላይ እግሬ አልሄድ አለኝ። በሥራዬ ብዙ ውሸት ሰምቻለሁ፤ ሚስት ባሏን፣ ባል ነጋዴውን ሲዋሽ። እትዬ ትርንጎ ግን ዋሽተውኝ ስለማያውቁ እንዴት እንደሚመስል አላውቅም። ወደ ቤቴ መሄዱን ትቼ ወደ ቤተ ክርስቲያን ታጠፍኩ። የነፍስ አባታቸው ቄስ ሞላ ከቅጥሩ አጠገብ ከዛፍ ጥላ ሥር ተቀምጠው ነበር።

«አባቴ፣ አንድ ነገር ልጠይቅዎት። ምሥጢር ያውጡልኝ ማለቴ አይደለም።»

«ጠይቂ ልጄ። የማይወጣው አይወጣም።»

«በበዓለ ሃምሳ የጾም ቀኖና ይሰጣል?»

ቀና ብለው አዩኝ። «በሃምሳው ጹሙ የሚል ቄስ ካለ ቀድሞ እሱ ንስሐ ይግባ። ማን ነው የሚጾመው?»

«እትዬ ትርንጎ።»

ቄስ ሞላ መቋሚያቸውን ጨበጡ። «አበስኩ ገበርኩ» አሉ። «ሰንበቴው ላይ ‹ምእመን ማለት እንዲህ ነው› ብዬ አመስግኛቸዋለሁ እኮ። እኔ ቄሱ።» ከዚያ ተነሡና ወደ ዕቃ ቤቱ ገብተው ለካህናት ከመጣው መክፈልት ዳቦ በጨርቅ ጠቅልለው ወጡ። አብረን ሄድን።

በሩን ሲከፍቱ ቄስ ማየታቸው አስደነገጣቸው። መስቀል ተሳለሙ፣ ወንበር ጠረጉ፣ «ኧረ ባዶ ቤት መጡብኝ፣ ከጎረቤት ጠላ ላምጣ» እያሉ ተርበተበቱ። ክፍሏ ጠባብ ናት። ከበሩ ጎን ዱቄት የሚያኖሩባት ክዳን ያላት በርሜል አለች። እኔ ድካም የያዘኝ መስዬ እሷ ላይ ደገፍ አልኩ። እትዬ ትርንጎ ወሬያቸውን አቋረጡ። ዓይናቸው እጄ ላይ ነው። ይህን ያስተማሩኝ እሳቸው ናቸውና ምን ላደርግ እንደሆነ አውቀዋል።

«ተይ» አሉ በቀስታ።

በጣቴ አንጓ መታሁት። በርሜሉ ጮኸ።

ቄስ ሞላ ጨርቁን ፈቱ፣ ባረኩ፣ ቆረሱ። «ይህ በረከት ነው፤ እምቢ አይባልም። ይቅመሱ፣ ከዚያ እንነጋገራለን» አሏቸው። በሁለት እጃቸው ተቀብለው በሉ። ሲያላምጡ እንባቸው ይወርዳል፣ እንባውን አይጠርጉትም፤ ፍርፋሪው እንዳይወድቅ እጃቸውን ከአገጫቸው ሥር ይዘዋል።

«ኪራዩ ጨመረ» አሉ በመጨረሻ፣ ለቄሱ። «የደም ግፊት መድኃኒቱም ጨመረ። መጀመሪያ እራቱን ተውኩ፣ ከዚያ ቁርሱን። ዘዴ መስሎኝ ነው።»

«እኔ የት ሄጄ ነው?» አልኩ። ድምፄ ጮኸ። «እዚህ ስመላለስ አይደለም እንዴ የከረምኩት? አንድ ቃል ቢተነፍሱ ምን ነበር?»

«ምን ብዬ? ዕድሜዬን ሙሉ ሰው ቤት እየገባሁ ‹ዘዴ ካለሽ አይጎድልሽም› ያልኩ ሴት፣ ‹ጎደለኝ› ብዬ ማን በር ላይ ልቁም? ትርንጎ ራሷን ማብላት አቃታት ቢባል ያስተማርኩት ሁሉ ምን ይሆናል?»

«እና ይሙቱ?»

«ልሙት! ሰው አይሞትም? ጿሚ ሆኜ ብሞት ምን ነበረበት?» ወደ እኔ ዞሩ። እንደዚያ አይተውኝ አያውቁም። «አጋለጥሽኝ። ከቄስ ፊት አጋለጥሽኝ።»

ቄስ ሞላ ከእኔ ቤት እንዲገቡ አዘዟቸው፤ የነፍስ አባት ቃል ነውና ገቡ። ልጆቼ ባሕር ዳር ናቸው፣ ቤቱ ባዶ ነው፣ ቦታ ሞልቷል። በአጥሚት ጀመርኩላቸው፣ ቀስ በቀስ ፍትፍቱን፣ ወጡን። ክረምቱን ጉንጫቸው ሞላ፣ እግራቸው ጸና፣ ማኅሌት ቆመው የሚያነጉ ሆኑ። ተረፉ። ይህን ስጽፍ እንኳ ደስ ይለኛል፤ አልዋሽም።

እኔ ግን አጣኋቸው። «አንቺ ልጅ» ይሉኝ የነበሩት ሴት «ወይዘሮ ስመኝ» ማለት ጀመሩ፣ አንቱ እያሉ። የበሉበትን ሳህን ሳያጥቡ አይነሡም። ምግብ ሲቀርብ «ደከሙ፣ ለምን ተቸገሩ?» ይሉኛል። ስንቴ ይቅርታ ጠየቅኋቸው! «ምን በድለውኝ? አበሉኝ፣ አጠጡኝ፣ እግዜር ይስጥልኝ» ነው መልሳቸው። ቄሱን አማላጅ ላክሁ፤ «ምንም ቂም የለብኝ አባቴ» ብለው መስቀል ተሳለሙ። እውነትም ቂም አልነበረባቸው ይሆናል። እንግዳ ነበሩ፣ ሌላ ምንም አልነበሩም። ከእሳቸው ጋር አንድ ጣሪያ ሥር እየኖርኩ ናፈቁኝ።

አንድ ቀን አንድ ነገር አሰብኩ። ገበያ ሄጄ፣ ሞራ የተቀላቀለበት ቅቤ ከአንዲት ሴት አውቄ ገዛሁ። አውቄ ነው። ይህን ቅቤ ሲያዩ የግድ ይጮኹብኛል፣ ይሰድቡኛል፣ እንደ ድሮው ቤቱን ቀውጢ ያደርጉታል ብዬ ነው። በኮባ እንደተጠቀለለ አምጥቼ ፊታቸው አስቀመጥኩት።

«እትዬ፣ እስቲ ይዩልኝ፣ ቅቤ ገዛሁ።»

ቆንጠር አድርገው በአውራ ጣታቸውና በሌባ ጣታቸው መሃል አሹት። ደህና ቅቤ በገላ ሙቀት ይቀልጣል፤ ሞራ ያለበት ነጭ ሆኖ ጣት ላይ ይጋገራል። ጣታቸው ሲቆም አየሁት። አውቀውታል። በሉ ይጩኹብኝ፣ በሉ ይስደቡኝ እያልኩ ነው በሆዴ።

ጣታቸውን በነጠላቸው ጫፍ ጠረጉ።

«ግሩም ቅቤ ነው፣ ወይዘሮ ስመኝ» አሉኝ። «እግዜር ይስጥልኝ።»

ማድ ቤት ገብቼ በሩን ዘግቼ አለቀስኩ።

በጥቅምት ዐረፉ። በሽታ አላስተኛቸውም፤ ከቅዳሴ መልስ ጋደም እንዳሉ ነው የሄዱት። ከእርቅ ሳንደርስ ሄዱ። እንዲህ ይሆናል ብትባይ በዚያች ረቡዕ ቄስ ይዘሽ ትመለሺ ነበር ወይ ብዬ ራሴን ስንቴ ጠይቄአለሁ። እመለስ ነበር። ሌላ ምን አደርግ? ግን ቄሱን ደጅ አቁሜ፣ ብቻዬን ገብቼ፣ በርሜሉን ሳልነካ እግራቸው ሥር ተደፍቼ አልቅሼባቸው ቢሆን ብዬ አስባለሁ። እንደዚያ ቢሆን ምናልባት ይበሉልኝ ነበር፤ ምናልባትም አይበሉ። አላውቅም።

የአርባ ቀን ተዝካራቸው የገና ጾም ላይ ዋለ። ሴቶቹ ከየሰፈሩ መጡ፤ ያን ጤፍ በጋራ የገዙት፣ ሽሮ ማመጣጠን የተማሩት፣ ከገጠር ሁሉ የመጡ አሉ። በዚያ ኑሮ፣ ከራሳቸው አፍ ቀንሰው መሆኑን አውቃለሁ፣ ሁሉም ዘንቢላቸውን ሞልተው ነው የገቡት። ምስሩ፣ ሽሮው፣ የሱፍ ፍትፍቱ ቤቱን ሞላው፤ የምናስቀምጥበት አጣን። ያን ሁሉ እህል ሳይ ያችን ባዶ በርሜል አስታወስኩ፣ ለማን ልናገር?

«ጿሚ ነበሩ፣ ተዝካራቸውም በጾም ዋለላቸው» አለች አንዷ።

«ፍስክ አይነኩም ነበር እኮ» አለች ሌላዋ።

ከመሃላቸው አንዲት ወጣት ሴት፣ ሆስፒታል ጽዳት የምትሠራ፣ ወደ እኔ ዞረች። «ወይዘሮ ስመኝ፣ አብረዋቸው የኖሩት እርስዎ ነዎት። በሃምሳውም እንኳ ይጾሙ ነበር ይባላል፤ ለጻድቅ ሕግ አልተሠራለትም መቼም። እውነት ነው?»

ሴቶቹ ሁሉ መልሴን ጠበቁ። ቄስ ሞላ ከግድግዳው ጥግ ተቀምጠው ነበር፤ ዓይናቸውን ወደ መሬት ጣሉ። ሬሳቸው ከወጣ ጀምሮ አፌ ላይ የሚመላለስ ብዙ ነገር ነበረኝ፣ ልጩኸው ያልኩት።

«እውነት ነው» አልኩ። «በሃምሳውም ጾመዋል። አይቻለሁ።»

ሴቶቹ ከንፈራቸውን መጠጡ፣ አንዳንዶቹ አማተቡ። እኔ ብድግ ብዬ ጭልፋውን አነሣሁና ለእያንዳንዳቸው ወጥ ጨመርኩላቸው።